አራተኛው ገጽ

መምህር ዳኘውን የገደለው ሰው አንድ ምት አልበቃውም። ሟቹ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ራስ ቅሉ ከኋላ ተፈልጦ፣ በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ሥር ድረስ ደም ተረጭቶበታል። አጠገቡ የተደረደሩት የበርበሬ ጆንያዎችም አልቀረላቸውም፤ በርበሬው ቀድሞውንም ቀይ ነውና ደሙ የት ላይ እንደሚያበቃ ለማወቅ ዓይንን ማስጠጋት ይጠይቃል። ባለ አምስት ኪሎ የሚዛን ድንጋይ፣ ጸጉር እንደተጣበቀበት፣ ከወንበሩ ሥር ተጥሏል።

ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ዓይኗን አስጠጋች። ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ ስትመጣ ምሳዋን አልበላችም ነበር፤ አሁን ባለመብላቷ ፈጣሪዋን አመሰገነች። አሥራ ሰባት ዓመት ወንጀል መርምራ ደም አልለመደችም። ለምዳለች እያሉ የሚያሟት ባልደረቦቿ ናቸው።

«ገዳዩ ተይዟል፣ ኢንስፔክተር» አለ የቡሬው ኮንስታብል ሙንዲር፣ ከበሩ ሳያልፍ።

«ማን ያዘው?»

«ሕዝቡ።»

ከአጥሩ ውጭ የሚሰማው ጩኸት ያን ጊዜ ገባት። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ዱላና ድንጋይ ይዞ የሀጂ ያህያን መጋዘን ከቧል። ገዳይ የተባለው ንብረት የሚሉት የዚሁ መጋዘን ሚዛን መዛኝ ነው። አምስት ሰዓት ላይ የሟቹን ጭንቅላት በሁለት መዳፉ ደግፎ «የሰው ያለህ!» እያለ ሲጮህ ተገኘ። ሰውም መጣለት፤ መጥቶም አንድ ዓይኑን ደፈነው፣ ሁለት ጥርሱን አረገፈው። ሙንዲርና ባልደረባው ወደ ሰማይ ተኩሰው ባያስጥሉት ኖሮ የዛሬው ሬሳ ሁለት ይሆን ነበር።

«ሁለት ጊዜ በሩን ሊሰብሩ ሞክረዋል። ከመሸ አንችላቸውም፤ ቦጫጭቀው ነው የሚጥሉት» አለ ሙንዲር።

«ለመሆኑ መምህሩን ለምን ይገድለዋል?»

«ሚስቴን ገደለብኝ ብሎ ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኘው በከተማው ኮሌጅ የስልክ መተግበሪያ ንድፍ ያስተምር ነበር፤ ስልክ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ሳይደናገር የሚጠቀምበትን ነገር መሥራት። ክፍል ውስጥ ብቻ ማስተማር አይሆንለትም። በየሴሚስተሩ ተማሪዎቹን ከአንድ እውነተኛ ድርጅት ጋር ያጣምራል፤ ድርጅቱ ችግሩን ያመጣል፣ እነሱ መፍትሔውን ይሠራሉ። ዘንድሮ የተጣመሩት በርበሬና በቆሎ ከሚገዙት፣ ለገበሬውም የእርሻ መድኃኒት ከሚሸጡት ከሀጂ ያህያ ጋር ነው። ሀጂ ከመጋዘናቸው አንዱን ክፍል ለቀቁላቸው። ሕሊናና መልካሙ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች የነቀዝ ኪኒን አጠቃቀም የሚያሳይ መተግበሪያ ሠሩ።

ንብረትም ያንን እያየ ቤቱ ውስጥ ካለው የበቆሎ ጎታ ኪኒን ጨመረ፤ ጎታውን መረገ፤ ጭነት አጅቦ መራዊ ሄደ። በማግሥቱ ሲመለስ ሚስቱ እታለም ከመደቡ ወድቃ፣ አረፋ ደፍቃ፣ ደርቃ አገኛት። ከኪኒኑ የሚወጣው ጋዝ ነቀዝና ሰው አይለይም። ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። ከቀብሩ በኋላ ንብረት ኮሌጁ በር ላይ ቆሞ «ይህን የሠራውን ሰው እጁን እቆርጠዋለሁ!» እያለ ሲዝት ያልሰማ የለም።

ሠርክአዲስ መጀመሪያ የሄደችው እሱ ወደታሰረበት የማዳበሪያ ክፍል ነው። ንብረት እጁ በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል።

«መምህሩ ደወለልኝ» አለ፣ ባበጠ ከንፈሩ ቃላቱን እየገፋ። «‹እታለም በማን ጥፋት እንደሞተች ደርሼበታለሁ፤ ያንተ አይደለም፤ ናና ልንገርህ› አለኝ። ከከተማው ውጭ ካለው ቤቴ እየሮጥኩ መጣሁ። ስደርስ ተደፍቷል። ቀና ባደርገው… አንጎሉ እጄ ላይ መጣ።»

ስልኩን አየችው። ጥሪው አለ፤ አራት ሰዓት ከአምስት ይላል።

«የማን ጥፋት እንደሆነ አልነገረህም?»

«በስልክ አይሆንም አለኝ።» ከተደፈነው ዓይኑ ሳይቀር እንባ ወረደ። «እማማ ሀብትነሽ፣ አማቴ፣ በለቅሶው መሀል ተነሥተው ‹መርዙን ለልጄ አኑሮላት መራዊ ሄደ› አሉኝ። አገር ሰማ። ወላጆቼን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ እናቴ እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ፊት ቆሞ ሊያነጻኝ የሚችል አንድ ሰው ነበረ። እሱን እኔ ልግደለው? ስቀሉኝ ግዴለም፤ ግን ሊነግረኝ የነበረውን ፈልጉልኝ።»

ሠርክአዲስ ሸሚዙን በጥንቃቄ አየችው። ደረቱ ላይ ያለው ከገዛ አፍንጫው የወረደ ነው። መዳፉና ጉልበቱ በሟቹ ደም ተነክሯል። የቀኝ እጅጌው ግን ከአቧራ በቀር ምንም የለበትም። እስከ ጣሪያ ደም የረጨ እጅ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይቀርም። ይህን ለራሷ ያዘችው፤ ውጭ ላለው ሕዝብ ስለ እጅጌ ቢነግሩት የሚሰማ አልነበረም።

ሀጂ ያህያ ሱቃቸው ውስጥ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ስትገባ ሊነሡ ቢሞክሩ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

«ሀጂ፣ ማክሰኞ ዕለት ከመምህሩ ጋር ተጯጩኸዋል ይባላል።»

«አልክድም ልጄ። ገበያ መሀል በድምፅ ማጉያ ‹መተግበሪያው ስሕተት አለበት፣ ከስልካችሁ አጥፉት› ልበል ብሎኝ ነበር። የሠላሳ ዓመት ስሜን ልታፈርስ ነው ብዬ ጮኽኩበት።» መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ትናንት ግን እኔው ደወልኩለት። ተናገር አልኩት። ሴትዮዋ ሞታለች፤ ከእሷ የሚበልጥ ምን ስም አለኝ?»

«ከአራት እስከ አምስት ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ገዢ ሲመጣ እሸጣለሁ፣ ሲሄድ ብቻዬን ነኝ። የጓሮው በርም ወደ መጋዘኑ ይወስዳል። ከመጠየቅሽ በፊት ልንገርሽ ብዬ ነው።»

እኚህን ሰው ወደደቻቸው። የሚወደዱ ሰዎችም ይገድላሉና መዝገቧ ላይ ጻፈቻቸው።

ሕሊና ግቢው ውስጥ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ዓይኗ ውስጥ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ያይላል።

«የመተግበሪያውን ሥዕሎች የሳልኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋን ማን ገደላት ካሉኝ እኔ ነኝ የምለው» አለች።

«እሱን ቆይተን እናየዋለን። መተግበሪያውን ገበሬ እጅ ላይ ሳትሞክሩ ነው ያወጣችሁት?»

«ኧረ ሞክረናል! መምህር ሦስት ሕግ ነበረው፤ ስልኩን ስጥ፣ ዝም በል፣ ያየኸውን ጻፍ። ገበሬው ቢጨንቀው እንኳ መርዳት አይፈቀድም። እኔ የመጀመሪያውን ዲዛይን አሥራ ሁለት ሰው ላይ ሞከርኩ። ሁሉም ነገር በአንድ ረጅም ገጽ ስለነበር ሰዎቹ ሰለቹ። ከዚያ መልካሙ በአራት ገጽ እንከፋፍለው አለ። ሦስቱ ገጾች አረንጓዴውን ቁልፍ ሲነኩ ይመጣሉ፤ አራተኛው ግን ጣት ወደ ጎን ሲንሸራተት ብቻ ነው።»

«አራተኛው ላይ ምን ተጽፏል?»

«መድኃኒቱ ባለበት ቤት ሰው እንዳይተኛ የሚለው።»

ሠርክአዲስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አራት ገጽ የሆነውን ማን ሞከረው?»

«መልካሙ። አሥራ ሁለት ገበሬ ላይ። ሁሉም እስከ አራተኛው ደርሰዋል ብሎ ጻፈ፤ በዚያ ተማምነን ነው ያወጣነው። እኔ ዛሬ ጠዋት? ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ። ያየኝ ሰው የለም።»

መልካሙ የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ፣ ወሬውን ሰምቼ ነው ብሎ ነው። መልከ ቀና፣ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት በዚሁ ፕሮጀክት ሥራውን አይቶ በሚቀጥለው ወር ሊቀጥረው ውል ልኮለታል። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የእጥፋቱ መስመር አራት ማዕዘን ሠርቶ ይታያል።

«ከጅጋ ነው የመጣሁት፣ ኢንስፔክተር። መምህር መተግበሪያውን ድጋሚ ሞክር ብሎኝ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ገበያው ውስጥ ነበርኩ። ይኸው ዳታው።» አንድ ንጹሕ ወረቀት ዘረጋላት። ሦስት ገበሬዎች፤ አራት ከአሥር፣ አራት ከሠላሳ፣ አምስት ሰዓት፤ ሦስቱም ያለ ችግር አልፈዋል ይላል።

«የገበሬዎቹ ስም የለም።»

«አንጽፍም። ‹ሀ›፣ ‹ለ›፣ ‹ሐ› ብቻ። ስሙ ሲጻፍ ገበሬው ይፈራል፤ እንዲያ ያስተማረን መምህር ራሱ ነው።»

«ሸሚዝህ ያምራል።»

«አመሰግናለሁ» አለ መልካሙ፣ ትንሽ ግራ ተጋብቶ።

ሠርክአዲስ ወደ ሬሳው ክፍል ተመለሰች። ከሟቹ ፊት ሥር ተማሪዎቹ ሙከራውን የመዘገቡባቸው ወረቀቶች በሁለት ክምር ተዘርግተዋል፤ ሲመታ እነሱን እያስተያየ ነበር። ደም ያልነካቸውን መርጣ አነበበች። የሕሊናዎቹ ጭቃ የነካቸው፣ የተሰረዙ፣ የተደለዙ ናቸው። «ገበሬ ረ፦ አራት ጊዜ ነካው፤ ስልኩ አልሰማውም። ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ደገመ።» «ገበሬ ሠ፦ አንቺው አድርጊልኝ አለችኝ። ዝም አልኩ። ተቆጣችኝ።» «ገበሬ መ፦ በሬው ተፈታበት። ሄደ፤ አልተመለሰም።» የመልካሙዎቹ ግን ከአንደኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው አንድ ናቸው። «ያለ ችግር ወደ አራተኛው ገጽ አለፈ።»

አባቷ ትዝ አሏት። አምና በደመወዟ ጥሩ ስልክ ገዝታላቸው ነበር። ስድሳ ዓመት እርፍ የጨበጠ ጣታቸው እንደ ቅርፊት ደርቆ፣ መስታወቱን ቢነኩት ቢነኩት አልሰማ ሲላቸው፣ «ይህ ስልክ እኔን ሰው አይለኝም» ብለው መለሱላት። ሠርክአዲስ ወረቀቱን እንደያዘች ፈገግ ልትል ዳድቷት ሬሳው አጠገብ መሆኗን አሰበች። ከዚያ ሙንዲርን ጠርታ በጆሮው አንድ ጥያቄ ነገረችውና ወደ መናኸሪያው ላከችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ንብረትን በካቴናው አስመጣችው። ከዚያ ለሰው ሁሉ ያበደች ያስመሰላትን ነገር አደረገች፤ የግቢውን በር አስከፈተች። ሕዝቡ ንብረትን ሲያይ ጮኸ፤ አንድ ድንጋይም ከእግሩ ሥር አረፈ።

«የሚወረውር ሰው አስቀድሞ እኔን ይምታ!» አለች ሠርክአዲስ፣ ፊቱ ቆማ። «ገዳዩን ፊታችሁ አሳያችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ከናንተ መሀል ሦስት ገበሬ እፈልጋለሁ።»

አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ሴትና አንድ ጎልማሳ ወጡ። የሟቹን የሙከራ ስልክ አነሣች። «ይህ ስለ ነቀዝ ኪኒን የሚነግር ነው። እስከ መጨረሻው ተመልከቱልኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ የመምህር ዳኘው ሕግ ነው።»

ሽማግሌው ጣታቸውን አሳረፉ፤ ስልኩ አልሰማቸውም። አጥብቀው ጫኑት። በምራቃቸው አርሰው ደገሙት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ «በቃኝ ልጄ፣ እንዲህ ካለ ነቀዙ ይብላው» ብለው መለሱላት። ሴትዮዋ ሦስተኛው ገጽ ደርሳ፣ አረንጓዴ ቁልፍ ፈልጋ ስታጣ «አለቀ» አለች። ጎልማሳውም ሦስተኛው ላይ ቆመ፤ ያገኘውን ሁሉ ነካካ፤ ስልኩን ገለበጠው፤ ላቡ መጣ።

«ወደ ጎን ግፋው እንጂ!» አለ መልካሙ ሳይታወቀው።

«ዝም ተብሏል!» አለችው ሠርክአዲስ። «ሕጉን አታውቀውም እንዴ?»

ጎልማሳውም «አለቀ» ብሎ ስልኩን መለሰ።

«አላለቀም» አለች፣ ወደ ሕዝቡ ዞራ። «አራተኛ ገጽ አለው። መድኃኒቱ ባለበት ቤት ሰው አይተኛ ይላል። እታለም የሞተችው፣ ንብረት እንደ እነዚህ ሰዎች ሦስተኛው ላይ አለቀ ብሎ ነው።»

ንብረት ቀና ብሎ አያት።

«አሁን ስለ መምህሩ ልንገራችሁ። ሲመታ ተቀምጦ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። እጅህን እቆርጣለሁ ላለው ሰው ጀርባ የሚሰጥ የለም። ደግሞ እስከ ጣሪያ ደም የተረጨበት ክፍል ውስጥ ነው የተገደለው፤ የንብረትን የቀኝ እጅጌ እዩት፤ ጠብታ የለበትም። ሀጂ ገብተው ቢሆን ኖሮ ዳኘው ከመቀመጫው ይነሣላቸው ነበር። ትልቅ ሰው ቆሞ ተቀምጦ ወረቀት የሚያነብ የጎጃም ልጅ አሳዩኝ! ስለዚህ ገዳዩ መምህሩ የማይነሣለት፣ የማይፈራውም ሰው ነው። ተማሪው ነው።»

ሕሊና አፏን በእጇ ያዘች።

«ሕሊና ስሕተቷን ሁሉ ጽፋለች፤ የምትደብቀው የላትም። መልካሙ ግን አሥራ ሁለት ገበሬ አንድም ሳይሳሳት አለፈ ይላል። ዛሬ ደግሞ ጅጋ ላይ ሦስት። አሥራ አምስት ሰው፣ ጣቱ ያልተሰማለት የለም፣ የተናደደ የለም፣ በሬው የተፈታበት የለም። እዚህ ከሦስት አንድ እንኳ አልደረሰም። አንተ ልጅ፣ በሕይወትህ አንድ ገበሬ አጠገብ ስልክ ይዘህ ተቀምጠህ አታውቅም። ተቀምጠህ ብታውቅ ኖሮ ውሸቱን ታሳምረው ነበር። እነዚህን ወረቀቶች ሬሳው ሥር የተውካቸውም ንጹሕ ስለሆኑ የሚያድኑህ መስሎህ ነው።»

«ይሄ ማስረጃ አይደለም!» አለ መልካሙ። «ደካማ ሪሰርች ነው በይ፤ ነፍሰ ገዳይ ግን…»

«ልክ ነህ። አሥራ ሁለቱን ከዋሸህ የዛሬውንም ልትዋሽ ትችላለህ አልኩ እንጂ። ጅጋ ካልነበርክ የት ነበርክ? ሸሚዝህ ነገረኝ። ከፌስታል የወጣበት እጥፋት እስካሁን አልተፈታም።» ወደ በሩ ጠቆመች። ሙንዲር አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት አስከትሎ ገባ። «ሳቢሃ፣ መናኸሪያው በር ላይ ልብስ ትሸጫለሽ አይደል?»

«አዎ እህቴ። እሱ ነው» አለች ሳቢሃ፣ ሳትጠየቅ። «አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጣ። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ያልበዋል። ሳይከራከር ገዛኝ። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ስለማይገጥመኝ ነው ያልረሳሁት።»

«ጃኬቱና አሮጌው ሸሚዝ ከመናኸሪያው ሽንት ቤት ጀርባ ተገኝተዋል» አለ ሙንዲር። «የሸሚዙ ቀኝ እጅጌ እስከ ትከሻው ደም ነው።»

መልካሙ ዙሪያውን አየ። የቀረው ድፍረት ሁሉ ከላዩ ወደቀ።

«ለአዲስ አበባው ድርጅት እጽፋለሁ አለኝ» አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ለንብረትም ደውያለሁ፣ እየመጣ ነው፣ አንተው ራስህ ትነግረዋለህ አለኝ። ለመንኩት። ‹ተቀመጥና ጠብቀው› ብሎ ፊቱን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ድንጋዩ አጠገቤ ነበር። እኔ ወረቀት ነው የሞላሁት! ጸሐይ ላይ ውዬ ያንኑ ከማገኝ ብዬ… ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም!»

ንግግሩን ሳይጨርስ ሮጠ። የሮጠው ደግሞ ወደ ክፍቱ በር፣ ወደ ሕዝቡ ነው። ጠዋት ንብረትን የደበደበው ሕዝብ እጁ ገና አልበረደም ነበር። መጀመሪያ በዱላ አገጩን መቱት፤ ሲወድቅ ረገጡት። ሙንዲር ተኮሰ፤ የሰማው የለም። ሠርክአዲስ በክርኗ እየገፋች ገባች፤ ድንጋይ ግንባሯን ፈነከታትና ዓይኗን ደም ሸፈናት።

ስትጠርገው ንብረትን በካቴናው እንደታሰረ መልካሙ ላይ ወድቆ አየችው። ገደለው ብላ ደነገጠች። ንብረት ግን ጀርባውን ለዱላው ሰጥቶ ከላይ ሸፍኖታል።

«አትግደሉብኝ!» ይላል፣ በተሰበረ ጥርሱ። «መምህሩን አጥቻለሁ! ይህንንም ከገደላችሁት ለእታለም እናት ማን ይነግርልኛል? ማን ይነግርልኛል ወገኖቼ!»

አንድ ሁለት ዱላ አረፈበት። ሦስተኛውን የሰነዘሩት ስልኩን የሞከሩት እኚያው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ የሰነዘሩትም በመቺዎቹ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እየበረደ፣ እየተፋፈረ ለፖሊሱ መኪና መንገድ ለቀቀ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ሲጓዙ ንብረትም፣ ቃሉ ጣቢያ እስኪመዘገብ ድረስ፣ ካቴናው ሳይፈታ አብሯቸው ተጭኗል። ማንኩሳ ሳይደርሱ መንገዱ ዳር ወዳለችው የአማቱ መንደር ሲቃረቡ ንብረት «ኢንስፔክተር» አለና በታሰረ እጁ ወደ መንደሯ ጠቆመ። እስረኛ ይዞ መንገድ ላይ መቆም ደንብ እንዳልሆነ ሠርክአዲስ አሳምራ ታውቃለች። ሹፌሩን አቁም አለችው።

እማማ ሀብትነሽ ከል እንደለበሱ ከደጃቸው ወጡ። ንብረትን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ሙንዲር መልካሙን ደግፎ አወረደው። ልጁ ደም እየተፋ፣ አንድም ሳይደብቅ ተናገረ፤ ገበሬ ጋ ሳይሄድ ወረቀቱን እንደሞላ፣ አራተኛውን ገጽ ማንም እንዳላየው፣ ንብረትም እንዳላየው፣ የደረሰበትን መምህር በእጁ እንደገደለ። እማማ ሀብትነሽ እስከ መጨረሻው ሰሙት። የአጥሩን እንጨት በሁለት እጃቸው ያዙ።

መልካሙ ወደ መኪናው ተመለሰ። ከዚያ ወደ ንብረት ቀረቡና አገጩን ይዘው ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ምን አድርገውህ ነው እንዲህ፣ ልጄ?» አሉት።

ንብረት የታሰሩ እጆቹን ዘረጋላቸው። ሠርክአዲስ ካቴናውን ፈታችለት። እማማ ሀብትነሽ እጁን ይዘው፣ ቁስሉን ለማጠብ ውኃ እንዲሞቅ ወደ ውስጥ እየተጣሩ፣ ወደ ቤት አስገቡት።